ባለ ቀፎው ሸርጣን ሱሉልታ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባለቤቴ ወንድም የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አዲስ አበባና ጅቡቲ ይመላለሳል። ከአራት ዓመት በፊት ለልጆቼ ሦስት ትንንሽ ሸርጣኖች በተቆረጠ ሃይላንድ አድርጎ ይዞ መጣ። ሦስቱም ባዶ የቀንድ አውጣ ቀፎ ተሸክመው ነበር። አንዱ በእኔ ጥፋት ሞተ። ሁለቱ፣ ልጆቹ «ጓዜ» እና «ኮንቴነር» ያሏቸው፣ ዛሬም አሉ። ወሬው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። ከሰንዳፋና ከሰበታ ሳይቀር የሚደውሉልኝ አሉ፤ ዘመድ ከጅቡቲ አምጥቶላቸው ምን እንደሚያደርጉት የጨነቃቸው። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ይሄ ምን ዓይነት እንስሳ ነው? በአማርኛስ ምን ይባላል?

ፈረንጆቹ «ኸርሚት ክራብ» ይሉታል። ባሕታዊ ሸርጣን እንደማለት ነው። እኛ ቤት «ባለ ቀፎ ሸርጣን» እንለዋለን።

ከፊቱ ሲታይ እንደማንኛውም ሸርጣን ጠንካራ ነው። ከኋላው ግን ሌላ ነው። ሆዱ ለስላሳ፣ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘና ምንም መከላከያ የሌለው ነው። ስለዚህ የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ ቀፎ ይፈልግና ይገባበታል። ቀፎውን እሱ አይሠራውም። ሲያድግ እየለቀቀ ሌላ ይፈልጋል። የግራ መቆንጠጫው ከቀኙ ይተልቃል። ሲፈራ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና በዚያ መቆንጠጫ በሩን ይዘጋል።

ስሙ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ለአያያዙ ይጠቅማል። የሳይንስ ስሙ «ኮኖቢታ» ነው። በ1829 ላትሬይ የተባለው የፈረንሳይ የተፈጥሮ ተመራማሪ ያወጣለት ነው። ትርጉሙ በገዳም በአንድነት የሚኖር መነኩሴ ማለት ነው። ገዳም የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ባሕታዊ ብቻውን ዋሻ ይገባል፤ የአንድነት መነኩሴ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። ለዚህ እንስሳ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ባሕር ዳር የሚኖረው በመንጋ ነው። ቤት ውስጥም ቢያንስ ሁለት ሆነው ይቀመጡ።

የባሕር እንስሳ ከሆነ ለምን ውሃ ውስጥ አናስቀምጠውም?

ይሰጥማል። ይሄኛው ዝርያ የየብስ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል እንጂ አይኖርበትም። የሚተነፍሰው ግን እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው፤ ስንጥቡ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። አየሩ ከደረቀ ስንጥቡ ይደርቃል፤ ቀስ በቀስ ይታፈናል። ይሄ በአንድ ቀን አይሆንም። ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ወራት። ስለዚህ ሰው «ዝም ብሎ ሞተ» ይላል። ዝም ብሎ አልሞተም፤ አየር አጥሮት ነው።

እንዴት አድርጎ ነው የሱሉልታን ብርድ የሚችለው?

አይችለውም። ብርዱን እኛ ነን የምንከላከልለት።

የመጣበትን አስቡት። ጅቡቲ ከባሕር ወለል እኩል ነው፤ ሙቀቱም እርጥበቱም ከባድ ነው። እኛ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ላይ ውርጭ እናያለን። ለእነሱ የሚስማማው ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ75 እስከ 85 በመቶ እርጥበት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብርድ ስለምናውቅ ሙቀቱን እናሟላለን፤ እርጥበቱን እንረሳለን። የበጋ አየራችን ራሱ ደረቅ ነው። እሱኑ ስናሞቀው ደግሞ ይብስበታል። አንድ አየር ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር ያው የነበረው ውሃ ያንሰዋል። አምፖል አብርተው «ሞቆታል» ብለው የሚተኙ ሰዎች ሳያውቁ እያደረቁት ነው።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። መስታወት ቤት ሄጄ በሲልከን የተጣበቀ ሣጥን አሠራሁ። ክዳኑም መስታወት ነው፤ ይገጥማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የማሞቂያ ምንጣፍ ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ከአሸዋው ከፍታ በላይ ለጠፍኩት። በላዩ ፎም አደረግሁበት፤ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ እንዳይባክን። ከሥር አታድርጉት። አሸዋ ውስጥ የገባው ሸርጣን ከሥሩ ይጠበሳል። እርጥበቱን የሚያመጣው እርጥቡ አሸዋና ሁለቱ የውሃ ሳህኖች ናቸው። በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ክዳኑን ከፍቼ አየሩን እቀይራለሁ።

መለኪያ ሳይኖር ግን ይሄ ሁሉ ግምት ነው። ጫጩት የሚያስፈለፍሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ትንሽ ዲጂታል መለኪያ አለ፤ ሙቀትም እርጥበትም ያሳያል። በዙሪያችን ዶሮ አርቢ ስለማይጠፋ የት እንደሚሸጥ እነሱን ጠይቁ። ከምንም በፊት እሱን ግዙ።

መብራት ሲጠፋስ?

ሣጥኑን በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ሸፍኑት። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በሣጥኑና በጋቢው መካከል አቁሙት፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን አታስገቡት። ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዙ ይደነዝዛሉ እንጂ አይሞቱም። ክዳኑን እየከፈታችሁ «እስቲ ልያቸው» ካላችሁ የቀረውን ሙቀት እናንተው ታስወጡታላችሁ። ከሰል አያይዛችሁ በተዘጋ ክፍል አታስቀምጡ፤ የከሰል ጭስ ከሸርጣኑ በፊት እናንተን ይገድላል።

ሣጥኑ ውስጥ ምን ይነጠፋል?

ጥልቅ አሸዋ። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም የትልቁን ሸርጣን ቁመት ሦስት እጥፍ፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ውሰዱ። የእኔ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። አምስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ኮኮፒት ጋር እቀላቅላለሁ። ኮኮፒት የኮኮናት ቃጫ ነው፤ አበባና ችግኝ የሚያለሙ ይጠቀሙበታል። ማዳበሪያ ያልነካውን አዲሱን ውሰዱ። የግንባታ አሸዋ ይሆናል፤ ሲሚንቶና ናፍጣ ያልነካው መሆን አለበት። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ። እኔ ሰባት ጊዜ አጥቤያለሁ።

እርጥበቱን ለማወቅ አሸዋውን በእጅ ጨብጡት። ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል። ከተንጠባጠበ በዝቷል።

መደበቂያ ይወዳሉ። የተሰበረ እንስራ ገል፣ የኮኮናት ቀፎ፣ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ጥሩ ነው። የጥድና የባሕር ዛፍ እንጨት አታስገቡ። ግቢያችን ሞልቶ ስላለ ይቀናናል፤ ነገር ግን ሽታቸውና ዘይታቸው ለእነዚህ እንስሳት አይሆንም።

ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሞቶ ይሆን? ልቆፍረው?

አትቆፍሩት! እባካችሁ አትቆፍሩት።

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። የእኔም ጥፋት ይኸው ነበር። መጀመሪያ ሦስቱንም ሳፋ ውስጥ፣ አራት ጣት በማይሞላ ደረቅ አሸዋ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አንደኛው አንድ ቀን ጥግ ቆፍሮ ገባ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ በማንኪያ ቆፈርኩ። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር አገኘሁ። አጠገቡ እግር የሚመስል ባዶ ቅርፊት አለ። በሰበሰ ብዬ አውጥቼ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ላይ አንድ እግሩን አነቃነቀ። በነጋታው ሞተ። ሳወጣው በሕይወት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸርጣን ቅርፊት አያድግም። ሰውነቱ ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት አውልቆ አዲስ ማውጣት አለበት። ይሄን የሚያደርገው መሬት ውስጥ፣ በጨለማ፣ ብቻውን ነው። ከመግባቱ በፊት አብዝቶ ይበላል፣ ይጠጣል። መልኩ ይደበዝዛል፤ ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። መሬት ውስጥ አሮጌውን ያወልቃል። ያን ጊዜ አዲሱ ቅርፊት ገና ለስላሳ ነው፤ መቆምም አይችልም። ከዚያ ያወለቀውን ቅርፊት ራሱን ይበላዋል። ካልሲየሙን ከዚያ መልሶ አግኝቶ ይጠነክራል። ይሄ ሁሉ ለትንሹ ጥቂት ሳምንት፣ ለመካከለኛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ለትልቁ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ያኔ የወጣለት አራስ ነው ብላችሁ አስቡት። አራስ ቤት ገብቶ የሚጎትት የለም።

ታዲያ መሞቱ በምን ይታወቃል? በጠረኑ። የሞተ ሸርጣን የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው አያጠራጥርም። ሽታ ከሌለ በሕይወት አለ ብላችሁ ጠብቁ። የገባበትን ቀን ግድግዳው ላይ ጻፉ። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠብቁ። ኮንቴነር አንድ ጊዜ 63 ቀን ቆይቶ ወጥቷል። ሲወጣ እግሮቹ አዲስ ቀለም ነበራቸው።

አልፎ አልፎ ከአሸዋ በላይ ቅርፊቱን የሚያወልቅ አለ። እሱን አትንኩት። ሌሎቹ እንዳይደርሱበት በተቀዳደደ የፕላስቲክ ዕቃ ከልሉት። ባዶ ቅርፊቱን አትጣሉበት፤ ምግቡ ነው።

እግሩ ወልቆ አገኘሁት። ምን ልሁን?

አትደንግጡ። በጭንቀት፣ በድርቀት ወይም በጠብ ምክንያት እግር ይጥላሉ። ቅርፊት ሲቀይር ተመልሶ ይወጣል፤ መጀመሪያ አነስ ብሎ፣ በሚቀጥለው ተስተካክሎ። ይልቅ ምክንያቱን ፈልጉ። መለኪያውን እዩ። አዲስ የመጣ ከሆነ የመንገዱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሳምንት በጸጥታ ተዉት።

ውሃው እንዴት ነው? ጨው ለምን ያስፈልጋል?

ሁለት ሳህን ያስፈልጋል፤ አንዱ ጨው የሌለበት፣ ሌላው የባሕር ውሃ ዓይነት። ቀፎው ውስጥ ውሃ ይዞ ስለሚዞር ሁለቱን እየቀላቀለ የሚስማማውን ልክ ራሱ ያገኛል። ሰውነቱን ማስጠለቅ የሚችልበት ጥልቀት ይኑረው፤ የሚወጣበት ጠጠርም አድርጉለት።

የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የታከመ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ይደር፤ ክሎሪኑ ይተናል።

የወጥ ጨው አይሆንም። አፋርም ይምጣ ከየትም፣ የምንበላው ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም አለው። የሚፈለገው ለባሕር ዓሣ ገንዳ የሚሠራው ጨው ነው፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ኪሎ አስመጡ። 28 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ ለሁለት ሸርጣን ረጅም ጊዜ ነው።

ምን ይበላል?

ያገኘውን። ባሕር ዳር የወደቀ ፍሬ፣ የሞተ ዓሣ፣ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ሁሉ ይለቅማል። እኛ ቤት ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ካሮት ይበላሉ። ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ዓሣ ነፍሳቸው ነው። በጾም ወራት ዓሣ ለቤቱ ሲመጣ እነሱም ድርሻ አላቸው። የሺፈራው ቅጠል ዱቄት በላዩ ነስነስ አደርጋለሁ። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ሁልጊዜ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ካልሲየም ነው።

በርበሬ፣ ሽንኩርትና ዘይት ያለበት የወጥ ትራፊ አይሰጥም። መድኃኒት የተረጨ አትክልት ደግሞ ይገድላል። ፀረ ተባይ የተሠራው ነፍሳትን እንዲገድል ነው፤ ሸርጣን የነፍሳት ቅርብ ዘመድ ነው። ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ጎመን አልሰጥም። ማታ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አስቀምጡ፤ ጠዋት የተረፈውን አንሱ። አለዚያ ጉንዳን ይወረዋል።

ዛጎል ብሰጠው ይገባበታል?

አይገባበትም። በጌጥና በልብስ ላይ የምናውቀው ዛጎል አፉ ጠባብና ጥርሳም ስንጥቅ ነው። እሱ የሚፈልገው ክብ አፍ ያለውና ውስጡ የሚጠማዘዝ ነው። የአፉ ስፋት ከትልቁ መቆንጠጫ ትንሽ ይበልጥ። ለአንድ ሸርጣን ቢያንስ ሦስት ትርፍ ቀፎ ይኑር። ሌላ እስኪገኝ ድረስ የግቢያችን ቀንድ አውጣ ባዶ ቀፎ ያገለግላል፤ ቀቅላችሁ አጽዱት። ስስ ስለሆነ ግን ቋሚ ቤት አይሆንም። ቀለም የተቀባ ቀፎ አታምጡ። ቀለሙ ይላጣል፣ እነሱም ይበሉታል።

ባሕር ዳር ትልቅ ባዶ ቀፎ ሲገኝ የሚሆነውን ተመራማሪዎች መዝግበውታል። ሸርጣኖቹ ይሰበሰቡና በመጠን ይሰለፋሉ፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ። ትልቁ አዲሱን ሲገባ ሁለተኛው የእሱን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ይወስዳል። በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቤት ቀይሯል። ባለፈው ዓመት ጓዜ አዲስ ቀፎ ሲገባ ኮንቴነር አጠገቡ ቆሞ ሲጠብቅ አየሁት። ጓዜ እንደወጣ ገባበት። ልጆቹ በእልልታ ቤቱን አናወጡት።

ትርፍ ቀፎ ካልኖረ ግን ይጣላሉ። አንዱ ሌላውን ከቀፎው ጎትቶ ያወጣል፤ የወጣው ይሞታል።

ሌሊት ይንኳኳል፤ እንደ ፌንጣ የሚመስል ድምፅም ሰማሁ።

ጤነኛ ነው። የሌሊት እንስሳ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ ቀፎው መስታወቱን ይመታል። ድምፁ ሌላ ሲነካው «ዞር በልልኝ» የሚልበት ነው። መኝታ ቤት አታስቀምጡት።

ልጆቼን ይቆነጥጣል?

ሊቆነጥጥ ይችላል። ክፋት ሳይሆን እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው። መዳፋችሁን ዘርጉና ወጠር አድርጉት፤ የሚይዘው እጥፋት አያገኝም። ከያዘም አትጎትቱት፤ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት፣ ይለቃል። ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ ይታጠቡ። እውነቱን ልናገር፤ መነካት አይወድም። ልጆቼ ዛሬ ከመያዝ ይልቅ በባትሪ ቀይ ብርሃን ማየት ይመርጣሉ።

ቡና ሳፈላ እጣኑ ይጎዳዋል?

ጭስ ሁሉ ይጎዳዋል፤ እርጥብ ስንጥብ ላይ ይቀመጣል። ቡናው ሲቆላና እጣኑ ሲጨስ ሣጥኑ ሌላ ክፍል ይሁን። ከጭስ የሚብሰው ግን ፍሊት ነው። ለበረሮ ወይም ለትኋን ቤት የሚያስረጩ ከሆነ መጀመሪያ ሣጥኑን ጎረቤት ዘንድ ውሰዱት፤ ለጥቂት ቀን እዚያው ይቆይ። ሣጥኑንና ሳህኖቹን በበረኪና ወይም በሳሙና አትጠቡ። ሙቅ ውሃ ይበቃል።

ይወልዳሉ? ስንት ዓመት ይኖራሉ?

እንቁላሏን የምትፈለፍለው ባሕር ጫፍ ሄዳ ነው። ጫጩቶቹ ባሕር ውስጥ እየተንሳፈፉ አድገው፣ ትንሽ ቀፎ ይዘው ወደ የብስ ይወጣሉ። ሳጥን ውስጥ ይሄ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሉት ሁሉ ከባሕር ዳር የተለቀሙ ናቸው ማለት ይቻላል። በተፈጥሮ ቦታቸው ከ30 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። በሳፋ ውስጥ ግን ወራት።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ የባለቤቴን ወንድም ሌላ እንዳያመጣ ለምኜዋለሁ። እናንተም «አስመጪልኝ» አትበሉኝ። እንስሳ ድንበር ማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ቢኖር እንኳ እኔ አላስመጣም። ይሄን የምጽፈው እጃቸው ላይ ላለባቸው ሰዎች ነው።

አልቻልኩም። ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ወስጄ ልልቀቀው?

አይሆንም። ሐይቁ ባሕር አይደለም። የሚገባበት ቀፎ የለም፣ ወገን የለውም፣ የሌሊቱም ብርድ ይገድለዋል። ከሌላ አገር የመጣ እንስሳ መልቀቅ ለሐይቁ ፍጥረትም አይበጅም። ማቆየት ካልቻላችሁ ለሚያቆየው ስጡ። እኛ ቤት ያለው ሣጥን ሁለት ተጨማሪ ይይዛል። ስታመጡት እርጥብ ጨርቅ ባለበት፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ አድርጉትና በቀን፣ ፀሐይ ሳለ ኑ። እንጦጦን ስትሻገሩ የታክሲውን መስኮት ዝጉ።